በወይዘሮ አሪየት የሕይወት ታሪክ ላይ የተነበበው ውሸት

ወይዘሮ አሪየት ኡቻን አርፈዋል። ለወራት ያሰቃያቸው የጉበት ሕመም ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አሸነፋቸው። በማግስቱ ፀሐይዋ ሳትበረታ ልጃቸው፣ ወንድሞቻቸው፣ አብረዋቸው የሚያመልኩ ምእመናንና የማተሚያ ቤታችን ሠራተኞች በተገኙበት ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል። በጋምቤላ ከተማ ልጁን ትምህርት ቤት የላከ፣ በቤተ ክርስቲያን የመዝሙር መጽሐፍ ይዞ የዘመረ፣ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ምክር ያነበበ ሰው ሁሉ፣ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ የእጃቸውን ሥራ አይቷል።

በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩት እኔ ደሳለኝ ነኝ። ከጎናቸው ተቀምጬ ሙያውን የተማርኩ፣ ለብዙ ዓመታት በአንድ ክፍል አብሬያቸው የሠራሁ ሰው ነኝ። ጽሑፉ ጥሩ ነው ተብሎልኛል። ሁለት ሰዎች እጄን ጨብጠው «አስለቀስከን» ብለውኛል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «በሥራ ላይ ለፈጸሙት ከባድ ስህተት ማተሚያ ቤቱ በሆደ ሰፊነት ይቅርታ ያደረገላቸው፣ እርሳቸውም በምስጋና የተቀበሉ» ይላል። ይህ ውሸት ነው። ስህተቱ የእርሳቸው አልነበረም። ይቅርታም አልጠየቁም፤ ማንንም አላመሰገኑም። እኔ ግን በሬሳ ሳጥናቸው ፊት ቆሜ በማይክሮፎን አነበብኩት። ካነበብኩበት ሰዓት ጀምሮ አፌ ሬት ሬት ይለኛል።

ስለዚህ ይህን ሁለተኛ ጽሑፍ እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን ለሰማችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው።

ወይዘሮ አሪየት የተወለዱት በአቦቦ አካባቢ ነው። ወደ ከተማ የመጡት ለትምህርት ሲሆን፣ ከትምህርት በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ሠርተዋል። ማተሚያ ቤታችን ሲቋቋም በፈተና አልፈው ገቡ። ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጡት ያን ጊዜ ነው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት በመሆኑ የሚናገሩት አጭር አጭር አድርገው ነበር፤ «እርስዎ የሚለው ቃል አፌ ላይ ይጠፋል» እያሉ ሰውን ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጁንም ጭምር፣ አንተ ይሉ ነበር። ሌላው ሠራተኛ ይስቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ሥራውን እጽፋለሁ።

ሥራችን ምን እንደነበረ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የመማሪያ መጽሐፍ በአኙዋ ቋንቋ፣ መዝሙር በኑዌር ቋንቋ፣ ለስደተኞች ጣቢያ የሚለጠፍ የጤና ምክር በሦስት ቋንቋ ይመጣልናል። ጽሑፉ ሲመጣ እንዲሁ ተዘርግፎ ነው። እያንዳንዱን ርዕስ መርጦ ማጉላት፣ ማድመቅና ቀለም መስጠት፣ ቁጥሮቹን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የተረገጡ ባዶ ቦታዎችን እየለቀሙ ማጥፋት ያስፈልጋል። መጽሐፉ ሦስት መቶ ገጽ ከሆነ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው። የወይዘሮ አሪየት የቀኝ እጅ አንጓ አብጦ በፋሻ ታስሮ ሲሠሩ ያየሁበት ወቅት ነበር። እንደዚያም ሆነው አይነጫነጩም፤ ይሳደቡ ነበር እንጂ። በአኙዋ ቋንቋ፣ ኮምፒዩተሩን።

አንድ ቀን የሆነ ሆቴል ግቢ ውስጥ ኢንተርኔት ስላለ አንድ ጠርሙስ ውኃ ገዝተው ተቀምጠው፣ የዲዛይን ሶፍትዌሩን በጽሑፍ ማዘዝ እንደሚቻል የሚያስረዱ ገጾች አወረዱ። ስክሪፕት ይባላል። አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በቁጥር የሚጀምረውን መስመር ሁሉ ፈልገህ እንዲህ አድርገው» ትለዋለህ፣ እርሱም ያደርገዋል። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈቱ ለወራት አጠኑት። የመጀመሪያዋ ስክሪፕት ሠርታ ባዶ ቦታዎቹ ከሦስት መቶ ገጽ ላይ በአንድ ትንፋሽ ሲጠፉ፣ ወይዘሮ አሪየት ከወንበራቸው ተነሥተው ወጡ፤ ግቢውን አንድ ዙር ዞረው ተመለሱና «ደሳለኝ፣ የመጀመሪያውን መቶ ገጽ እኔ ልሥራ። የቀረውን ሁለት መቶ ማሽኑ ይሥራ፤ እኔ ልሳቅበት» አሉኝ።

ለስክሪፕቶቻቸው ስም ያወጡላቸው ነበር። ባዶ ቦታና ባዶ መስመር የምታጠፋዋ «መጥረጊያ» ናት። ርዕሶችን የምታስጌጠዋ «ኩል»። ጽሑፉን ከሳጥኑ ጋር እንዲስማማ የምታሳንሰዋና የምታሰፋዋ «ልክ» ትባላለች። ከሁሉ የሚፈሩት «ልክ»ን ነበር። በዲዛይን ሶፍትዌር ውስጥ ጽሑፍ የሚቀመጠው በሳጥን ነው፤ ጽሑፉ ከሳጥኑ ከበለጠ የተረፈው አይታይም፣ አይታተምም። ጥግ ላይ ቅንጣት የምታህል ቀይ ምልክት ብቻ ትቀራለች። ለዚህ ነው በ«ልክ» መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር የጨመሩት። ፊደሉ እስከሚነበብበት ልክ አንሶም ጽሑፍ ከሳጥን ውጭ ከቀረ ስክሪፕቷ ሥራውን ታቆምና በስክሪኑ መሐል ቀይ መስኮት ትከፍታለች፤ «ያልገባ ጽሑፍ አለ። ሰው ጥራ።» ይላል መስኮቱ። ሰው ካልተጠራ አይዘጋም።

ሰው መጥራት ማለት ይኸውላችሁ። ለእያንዳንዱ ቋንቋ ወይዘሮ አሪየት አንባቢ ነበራቸው። ለኑዌር ቋንቋ አንባቢያቸው ከማተሚያ ቤቱ ማዶ ደረቅ ዓሣ የምትሸጠው ኛቦል ነበረች። ወይዘሮ አሪየት የኑዌርን ቋንቋ አያውቁም፤ ፊደሉን ግን ይለያሉ። ኛቦልን ከጎናቸው ያስቀምጡና በታተመው ገጽ ላይ ጣቷን እያስኬደች ጮክ ብላ እንድታነብ ያደርጋሉ፤ እርሳቸው ደግሞ የእጅ ጽሑፉን ይዘው በዓይናቸው ይከተላሉ። በመጨረሻ «አሁን የት ቆምሽ?» ይሏታል። የቆመችበትና የእጅ ጽሑፉ የሚያልቅበት ቦታ አንድ ካልሆነ ሥራው አይወጣም። ኛቦል አንዳንዴ «አሪየት፣ ዓሣዬን ድመት በላው እኮ!» ብላ ትጮኻለች። «ድመቷ ማንበብ አትችልም፤ አንቺ ትችያለሽ። ቀጥዪ» ይሏታል።

የደግነታቸውን ነገር ከጻፍኩ አንድ ብቻ እጽፋለሁ፤ እርሱ ይበቃኛል። አባቴ መቲ ከተማ ሲያርፍ እኔ ለቀብር ሄድኩ። ወይዘሮ አሪየት የፈቃድ ቀናቸውን ቆርጠው፣ በዚያ አስቸጋሪ መንገድ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው በሦስተኛው ቀን መጡ። በእጃቸው የአባቴን የሕይወት ታሪክ የያዘ፣ ያማረ ወረቀት ነበር። እኅቴን በስልክ ጠይቀው ነው የጻፉት። እርሳቸው ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ፤ የክርስትና ስሙን እንኳ አልሳቱም። እኅቴ በኋላ እንደነገረችኝ በስልክ «አባትሽ ጥሩ ሰው ነበር የሚለውን ሰው ሁሉ ይጽፋል። ያልሆነውን እንዳልጽፍ፣ ያልሆነውን ንገሪኝ» ብለዋት ነበር። አባቴ ታጋሽ አልነበረም። ወረቀቱ ላይ «ታጋሽ» የሚል ቃል አልነበረም። አጎቴ አንብቦ ሲጨርስ በለቅሶ መሐል ሳቀ፤ «እውነትም እሱ ነው» አለ።

አሁን ወደ ቆሻሻው ልምጣ።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ አሪየት የመጽሐፍ እርማት ለማምጣት ፑኝዶ ሄደው ነበር። ትየርኪዲ ለሚገኘው የስደተኞች ጣቢያ የሚሆን ፖስተር መጣ። ድፍርስ ውኃ የሚያጠራ ዱቄት አጠቃቀም ነው፤ ዱቄቱን ጨምሩ፣ አማስሉ፣ እስኪጠልል ጠብቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አትጠጡ። በአማርኛና በኑዌር ቋንቋ፣ ጎን ለጎን። የላከው መሥሪያ ቤት መኪና በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዬ ቆሟል። «ልክ»ን አስነሣኋት። ቀዩ መስኮት ተከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ያልገባ ጽሑፍ አለ ማለት ነው። አንባቢ መጠራት አለበት።»

«የሴትዮዋ ጭቅጭቅ በአፏ አልበቃ ብሎ በኮምፒዩተርም መጣብን? አጥፋልኝ ይህን መስኮት።»

«ኛቦልን ልጥራት፤ እዚሁ ናት፤ አሥር ደቂቃ...»

«እሷ ዓሣዋን ትሽጥ። አማርኛውን አንብበኸዋል አይደል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ትርጉሙ አንድ አይደል እንዴ!»

እኔም እውነት መሰለኝ። እውነት እንኳ ባይመስለኝ ኖሮ አደርገው ነበር፤ እኔን እንዲህ ነው የማውቀኝ። ስክሪፕቷን ከፈትኩ። ከመስመር ፊት ሁለት እዝባር (//) ከተደረገ ማሽኑ ያንን መስመር እንዳላየ ያልፈዋል። ወይዘሮ አሪየት በጻፏት የማስጠንቀቂያ መስመር ፊት ሁለት እዝባር አደረግኩ። እንደገና አስነሣኋት። መስኮት የለም። ፖስተሩ ያማረ ነበር። ኩሉ፣ ቀለሙ፣ ሁሉም። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንዲህ ነው ሥራ» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ይህንን ስጽፍ የሚያስጠላኝ እርሱ ትከሻዬን መምታቱ አይደለም፤ እኔ መደሰቴ ነው።

የኑዌር ቋንቋው ጽሑፍ ከአማርኛው ረዘም ብሎ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች፣ በጨርቅ አጥልሉና ግማሽ ሰዓት ቆዩ የሚሉት፣ ከሳጥኑ ውጭ ቀሩ። አማርኛው ሙሉ ነው። በጣቢያው ውስጥ ግን አማርኛውን የሚያነበው ማን ነው?

ከጥቂት ቀናት በኋላ በጣቢያው የሚሠራ አንድ የጤና ባለሙያ ፖስተሩን ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ከደጋው አገር የመጣ፣ ዝምተኛ ወጣት ነው። ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋው። «ዝቃጩን ከነዱቄቱ የጠጡ ልጆችን ሲያስመልሳቸው ዋለ። ድነዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቶቹን ስቆጣቸው ‹የታለ አጥልሉ የሚለው?› አሉኝ። እኔ ኑዌርኛ አላነብም፤ አማርኛውን እያየሁ እነሱን ስቆጣ ዋልኩ» አለ። ፊቱ በእፍረት ቀልቶ ነበር። እርሱ ያፈረውን ያህል እኔ አላፈርኩም፤ እኔ ፈራሁ እንጂ።

ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ «ወይዘሮ አሪየት ስክሪፕት በሚሉት ነገር ላይ ተማምነው ሥራውን ለማሽን ስለለቀቁ የመጣ ጉዳት ነው» አለ። ያን ቀን ፑኝዶ እንደነበሩ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ግማሹ ያውቃል። ማራገቢያው ይዞራል፤ ሁላችንም ማራገቢያውን እናያለን። ወይዘሮ አሪየት ኮምፒዩተሩ ፊት ሄደው ተቀመጡ። «ልክ»ን ከፈቱ። ወደ ታች ወረዱ። ከኋላቸው ነበርኩና እጃቸው ሲቆም አየሁ። ሁለቱን እዝባሮች አይተዋል። ያንን ፋይል ከእርሳቸው ሌላ መክፈት የሚችል ሰው በማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ያስተማሩትም እርሳቸው ናቸው።

አንዱን እዝባር አጠፉ። ሌላውንም አጠፉ። ከዚያ ዞረው በዝግታ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ደሳለኝ፣ መስመሯን መልሻታለሁ» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ «ምን ይላሉ?» ሲላቸው «ስክሪፕቷን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ የምለው የለኝም» አሉ። እርሱ ይህንን ጥፋት ማመን ነው ብሎ በቃለ ጉባኤ አስያዘው። እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ።

ወይዘሮ አሪየት በማግስቱ በጣቢያው መኪና ኛቦልን አስከትለው ትየርኪዲ ሄዱ። ማንም አላዘዛቸውም። ወፍራም ማርከር ይዘው ከውኃ ቧንቧ ወደ ውኃ ቧንቧ እየዞሩ፣ ኛቦል እያነበበችላቸው፣ የጎደሉትን ሁለት መስመሮች በእያንዳንዱ ፖስተር ላይ በእጃቸው ጻፉ። ኛቦል እንደነገረችኝ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጥታ «አንቺ ነሽ የረሳሽው?» ብላ ጮኸችባቸው። ኛቦል ልትመልስላት ስትል ወይዘሮ አሪየት ከለከሏት። «እኔ የመጣሁት ነኝ በያት» አሏት። ሴትየዋ ትንሽ ቆማ አየቻቸውና ማርከሩ እንዳይደርቅ ክዳኑን ያዘችላቸው። እኔ ያን ቀን ቢሮ ተቀምጬ ለአንድ ሰርግ ጥሪ ወረቀት አበባ እመርጥ ነበር።

ከኮምፒዩተር አንሥተው ወደ ጥራዝ ክፍል መደቧቸው። ያን ሁሉ ዓመት ገጽ ያስተካከለ እጅ ገጽ ማጠፍ ጀመረ። ስክሪፕቶቻቸው ግን አልተመደቡም፤ እኔ ዘንድ ቀሩ፣ በየቀኑ ይሠራሉ። እንግዶች ሲመጡ ሥራ አስኪያጁ «መጥረጊያ»ንና «ኩል»ን እያስነሣ ያሳያል፤ «ይህን አሠራር እኔ ነኝ ያስጀመርኩት» ይላል። አንድም ቀን ግን «ኧረ የወይዘሮ አሪየት ናቸው» አላልኩም። በጥራዝ ክፍሉ በር ሳልፍ እግሬን አፈጥናለሁ። እርሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ ቀና ብለው «ደሳለኝ፣ ደኅና አደርክ?» ይሉኛል። ሰላምታቸው ውስጥ ምንም የተደበቀ ነገር አልነበረም። ብፈልግ አጣሁ።

ሲታመሙ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሙዝ ይዤ ነበር። አልጋው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ስለ ሕመማቸው አላወሩኝም።

«መስኮቱ ይከፈታል?» አሉኝ።

«ይከፈታል እትዬ።»

«ያስቸግራችኋል?»

«በጣም ያስቸግረናል።»

«ጥሩ» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ዝም ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ። አሁን ሳስበው ጊዜ እየሰጡኝ ነበር። እኔ ሙዙን ኮመዲኖው ላይ በመስመር መደርደር ያዝኩ። ነርሷ ስትገባ «በሉ ልሂድ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ» ብዬ ወጣሁ።

ባረፉ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍኩ። አነበበና ያንን ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ጨመረበት። «ይሄማ እንዴት ይገባል?» አልኩት። «ሰው ሁሉ ጉዳዩን ያውቃል። ዝም ብንል ቂም ይዘን ይመስላል። ለእሷ ክብር ነው» አለኝ። ክብር! በሕይወት ሳሉ ጥፋቱን ጫነባቸው፤ ሲሞቱ ደግሞ ይቅር ባይ ሆኖ በሬሳቸው ላይ ሊቆም ፈለገ። እኔም ጽሑፉን በወይዘሮ አሪየት ስክሪፕቶች አስተካከልኩት። «መጥረጊያ» ጠረገች። «ኩል» ስማቸውን አስጌጠች። «ልክ» ስትሠራ ቀይ መስኮት አልተከፈተም። ውሸቱ ሳጥኑ ውስጥ በልኩ ገብቷል።

በቀብሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ በነጭ መሐረብ ዓይኑን ጠረገ። መሐረቡ ደረቅ ነበር፤ ከጎኑ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ግን የምሬን አለቀስኩ። የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን አቻላን ለማግኘት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። አቻላ ኢታንግ ውስጥ ነርስ ናት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ስለነበረ ወደ ውጭ ጠራኋት፤ ከመናገሬ በፊት እንባ ቀደመኝ። እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ።

«ለምን መጣህ? ልትናገር ነው ልታለቅስ?» አለችኝ። «ለማልቀስ ከሆነ ሰው ሞልቷል።»

ነገርኳት። መኪናውን፣ ቀዩን መስኮት፣ ሁለቱን እዝባሮች፣ ቃለ ጉባኤውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «አውቃለሁ» አለች። «በዚያው ሳምንት ነግራኛለች። እኔ ቢሮ መጥቼ ልጮህ ነበር፤ እሷ ከለከለችኝ። ‹ደሳለኝ ራሱ ይናገራል፤ ተዪው› አለችኝ። በየሳምንቱ ስደውል ‹ተናገረ?› እላታለሁ። ‹ይናገራል› ትለኛለች። ሆስፒታል እንደገባች ‹ሊጠይቀኝ መጣ› አለችኝ። ‹ተናገረ?› አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በኋላ ስለ አንተ አላነሣችም።»

ይቅርታ ልጠይቃት ስል እጇን አነሣች። «ለእኔ አይደለም። እዚያ በማይክሮፎን የሰሙት ብዙ ናቸው። ለእነሱ ንገር» ብላ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ይኸው እየነገርኳችሁ ነው። በትየርኪዲ ፖስተር ላይ የጎደለው መስመር በወይዘሮ አሪየት ኡቻን ስህተት አልጎደለም። እርሳቸው ያን ቀን ከተማ ውስጥ አልነበሩም። ስህተቱ እንዳይደርስ የሠሩትን መከላከያ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ያነሣሁት እኔ ነኝ። በቃለ ጉባኤው ላይ በሐሰት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን ያጎደፈውን ዓረፍተ ነገር ያተምኩትና ያነበብኩት እኔ ነኝ። ይህ ወረቀት ዛሬ በማተሚያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ደጅና በትየርኪዲ ጣቢያ ጽሕፈት ቤት በስሜና በፊርማዬ ይለጠፋል። ለኑዌር ቋንቋው ቅጂ ኛቦልን ጠርቼያታለሁ። እያነበበች ሳለ አንድ ቦታ ላይ አቁማ «አንተ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ እስክትጨርስ አላየችኝም። የዓሣ መደቧን ዘግታ ስለመጣች ላመሰግናት ስሞክር «ለአሪየት ነው የመጣሁት» ብላኝ ሄደች።

እትዬ አሪየት፣ ሰው ሲሰናበት መልካም ነገር ነው የሚናገረው፤ እኔ ግን በእርስዎ ፊት መልካም ለመምሰል የመጨረሻ ዕድሌን እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ሙዝ ስደረድር ጨርሼዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ በር ከፍተው ወራት ቆመው ጠበቁኝ፤ እኔ በበሩ ሳልፍ እግሬን አፈጠንኩ። ሥራዎ ንጹሕ ነበር። እጅዎም ንጹሕ ነበር። ይህንን ማንም በሐሰት ሊያጎድፈው አይገባም ነበር፤ ከማንም በላይ ደግሞ እኔ። አፈሩ ይቅለልዎ፤ ያመኑት ጌታ በሰላም ይቀበልዎ።

ይናገራል ብለው ነበር። ተናገርኩ እትዬ። እርስዎ ሳይሰሙ።